ድንጋይም ፕላስቲክም የሆነው የወጥ ቤት መደብ



ባለፈው ክረምት ለመሥሪያ ቤቴ ጉዳይ ወደ ሚዛን ተፈሪ ወርጄ በነበረበት ጊዜ በአንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት በእንግድነት አረፍሁ። ዝናቡ ከገባሁበት ሰዓት ጀምሮ አላባራም ነበር። በማግሥቱ ጠዋት የቤቱ እመቤት ቡና ለማፍላት ሲሰናዱ ወደ ወጥ ቤታቸው ጠሩኝና ገና 2 ዓመት ያልሞላውን የዕቃ ማጠቢያ መደብ በጣታቸው ነካ አድርገው «እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ» አሉኝ። መደቡ ቺፑድ ከሚባለው፤ ማለት የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተለውሶና ተጠፍጥፎ ከሚሠራው ሰሌዳ የተበጀ ሲሆን በላዩ ስስ ፎርማይካ ተለብጦበታል። በቧንቧው ዙሪያ ግን እንደ ቦካ ሊጥ አብጦ፤ ልባጡም ከዳር ተነሥቶ፤ ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ ይታይ ነበር።

ወይዘሮዋ ዕቁብ ወጥቶላቸው ኖሮ በገንዘቡ አዲስ መደብ ለማሠራት አናጢውን አማክረዋል። አናጢውም አክሪሊክ የሚባል ሰሌዳ ከአዲስ አበባ ቢያስመጡ እንደሚሻል ነግሯቸዋል። እርሳቸው ግን የዕቁቡን ብር በማያውቁት ነገር ላይ ማፍሰሱን ፈሩት። እኔ በሬዲዮ የምናገር ሰው በመሆኔ ሁሉን የማውቅ መስሏቸው ሦስት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ አቀረቡልኝ። «ለመሆኑ ይህ የሚሉት ነገር ድንጋይ ነው ወይስ ፕላስቲክ? የጀበና እሳትስ ይችላል? እርድስ አይነክሰውም?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ከሦስቱ አንዱን እንኳ አጥርቼ መመለስ አልቻልሁም። ከተመለስሁ በኋላ ባለሙያ ጠይቄና መጻሕፍት አገላብጬ ያገኘሁትን ለእርሳቸው በደብዳቤ ልኬአለሁ። ይኸው ጉዳይ በደመወዙ ቆጥቦ ጎጆውን ለሚያበጅ ለማናቸውም የመንግሥት ሠራተኛ የሚጠቅም ስለ መሰለኝ ዛሬ ለእናንተም አቀርበዋለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ሚዛን ተፈሪ፤ ዛሬ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን የምትባለው ከተማ፤ በዓመት ወደ 2000 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዝናብ የምታገኝ አገር ናት። ከዚያ እስከ ቴፒ ያለው ምድር ቡናውንና ኮረሪማውን ያሳደገው በዚሁ እርጥበት ነው። ይሁን እንጂ ለቡና የተመቸ አየር ለቺፑድ አይመችም። ፎርማይካው ራሱ ውኃ የማያስገባ ጠንካራ ነገር ቢሆንም ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፤ ቧንቧው በገባበት ቀዳዳ ወይም በዳሩ ስፌት በኩል አንድ ጊዜ ውኃ ከሾለከ ከሥሩ ያለው ፍቅፋቂ እንደ ስፖንጅ ይጠጣዋል። አንድ ጊዜ ያበጠ ቺፑድ ደግሞ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ልኩ አይመለስም። እንግዲህ በዚያ አገር መደብ ለሚያሠራ ሰው ዋናው ጥያቄ ስለ መልኩ አይደለም፤ ውኃ በየት በኩል ሊገባ ይችላል የሚለው ነው።

የአገሩ ሰው በፊት የሚጠቀምበት የዋንዛና የቀረሮ ሳንቃ መልካም ነገር ነው። ዋንዛ በቀላሉ አይጣመምም፤ ቢቧጠጥም በመላጊያ ይታደሳል። ነገር ግን ዘወትር ውኃ በሚፈስበት ስፍራ ዘይት እየተቀባ ካልተጠበቀ ይጠቁራል። ከዚህም በቀር በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፤ ከዝግባና ከጽድ ጋር አድርጎ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። የሸካን ጥቅጥቅ ደን ላየ ሰው የክልከላው ምክንያት ግልጽ ነው። እብነ በረድን ያሰብን እንደ ሆነ የዳለቲው ለዓይን እጅግ ያማረ ቢሆንም፤ የሎሚ ጭማቂ ወይም ሆምጣጤ ሲነካው ገጹ ይበላል፤ ቀለምም ይጠጣል። ሴራሚክ ንጣፉ በራሱ ጠንካራ ነው፤ በየመካከሉ ያለው የሲሚንቶ መስመር ግን ቅባትና ሻጋታ የሚያጠራቅም ነው።

አሁን ወደ ወይዘሮዋ የመጀመሪያ ጥያቄ እንመለስ። ድንጋይ ነው ወይስ ፕላስቲክ?

መልሱ ሁለቱም ነው። የዚህ ሰሌዳ ሁለት ሦስተኛው ያህል ከድንጋይ የተገኘ ነጭ ዱቄት ሲሆን የቀረው አንድ ሦስተኛ ዱቄቱን አንድ ላይ አጣብቆ የሚይዘው አክሪሊክ የተባለው ፕላስቲክ ነው። ዱቄቱ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ይባላል። የሚገኘውም ቦክሳይት ከተባለው ቀላ ያለ ድንጋይ ነው። ካርል ቤየር የተባለ የኦስትሪያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ዓመታት ባወጣው ዘዴ መሠረት ድንጋዩ ተፈጭቶ በትኩስ ሶዳ ይቀቀላል። በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ሲሟሟ ቀዩ አፈር አተላ ሆኖ ይቀራል፤ የጠራው ፈሳሽ ሲቀዘቅዝም ነጩ ዱቄት ይዘቅጣል። ይህ ዱቄት በብርቱ እሳት ከተቃጠለ በኋላ በኤሌክትሪክ ኀይል ቢቀልጥ የምናውቀው የአሉሚኒየም ድስት ይወጣዋል። ስለዚህ ድስቱና ድስቱ የሚቀመጥበት መደብ የአንድ ድንጋይ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

አክሪሊኩም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት በጀርመንና በእንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበ እንደ መስተዋት የጠራ ፕላስቲክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን ነጂዎች የሚያዩበት መስኮት ከእርሱ ይሠራ ነበር። ሽማግሌዎች የሚተክሉት ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚቀመጥበት ቀይ ድድም ከዚሁ ዘር ነው። ይህን ፕላስቲክ ከነጩ ዱቄት ጋር ለውሶ የመደብ ሰሌዳ ያደረገው ዶናልድ ስሎከም የተባለ በአሜሪካው የዱፖንት ኩባንያ የሚሠራ የኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1967 ነው። ኩባንያው ዕቃውን ኮሪያን ብሎ ሰየመው። በዚህ ስም ምክንያት ዕቃው የኮሪያ አገር ሥራ የሚመስላቸው አሉ፤ የቃኘው ሻለቃ ዘማች የሆኑ አንድ አባትም ስሙን ሲሰሙ ፈገግ ማለታቸውን አስታውሳለሁ። ስሙ ከአገሪቱ ጋር ግንኙነት የለውም። ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው ግን ከጊዜ በኋላ ኮሪያውያንም ይህንኑ ዓይነት ሰሌዳ በብዛት መሥራታቸው ነው።

አሠራሩን ጥቂት ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ የዕቃው ደግነትም ሆነ ድካም የሚታወቀው ከአሠራሩ ነውና።

አክሪሊክ ሲጀመር እንደ ውኃ የቀጠነ፤ ሽታው ብርቱ የሆነ ፈሳሽ ነው። የፈሳሹ ቅንጣቶች፤ ማለት ሞለኪውሎቹ፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው የሚዋኙ ናቸው። ፐሮክሳይድ የተባለ ቀስቃሽ በጥቂቱ ሲጨመርባቸው ግን አንዱ የሌላውን እጅ እየያዘ በሺሕ የሚቆጠሩት በአንድ ሰንሰለት ይሰለፋሉ። ሰንሰለቱ በረዘመ መጠን ፈሳሹ እየወፈረ ሄዶ በመጨረሻ ይጠጥራል። ገንፎ ስታገነፉ ዱቄቱ ውኃውን ይዞ እንደሚጠነክር ያለ ነው፤ ልዩነቱ ገንፎ ከውጭ እሳት የሚፈልግ ሲሆን ይህ ግን ራሱ ከውስጡ ሙቀት የሚያወጣ መሆኑ ነው።

ችግሩም የሚነሣው ከዚሁ ሙቀት ነው። ፈሳሹ በ100 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ ስለ ሆነ፤ ሙቀቱ ካልተገታ ገና ሳይጠጥር ይንተከተክና ሰሌዳው እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል። ዓይን ለእንጀራ ጌጡ ነው፤ ለመደብ ግን ቆሻሻ የሚሸሸግበት ጉድጓድ ነው። ሌላው ችግር ንጹሑ ፈሳሽ ሲጠጥር ከመቶ 21 እጅ ያህል የሚኮማተር መሆኑ ነው። ፋብሪካዎቹ ሁለቱን ችግሮች የሚያሸንፉት አስቀድመው ጥቂቱን አክሪሊክ አጠጥረው በፈሳሹ ውስጥ በማሟሟት እንደ ማር ወፈር ያለ ሽሮፕ በማድረግ፤ ቀጥሎም የድንጋዩን ዱቄት በብዛት በመጨመር ነው። ዱቄቱ ሙቀቱን ይካፈላል፤ የሚኮማተረውም ነገር ያንሳል። ከዚያ በኋላ ቀለም ይገባበታል። ድብልቁ አየሩ በተመጠጠለት ጋን ውስጥ እየተማሰለ የታመቀው አረፋ ከወጣለት በኋላ፤ ቀስቃሹ ተጨምሮ በሚንቀሳቀስ የብረት መቀነት ወይም በቅርጽ ማውጫ ላይ ይፈስሳል። ሲጠጥርም ይቆረጣል፤ ቀዝቅዞ በአሸዋ ወረቀት ማሽን ልኩ ይስተካከላል። ለመደብ የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ 12 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ አንዱ ካሬ ሜትርም 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት ለዚያው ስፋት ከ50 ኪሎ በላይ ነው። በጅማና በቦንጋ በኩል ከ500 ኪሎሜትር በላይ አስጭኖ ለሚወስድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ አሠራር የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ሰሌዳው ልባጥ የሌለው መሆኑ ነው። ላዩም፤ መካከሉም፤ ሥሩም አንድ ዓይነት ነው። ቢቧጠጥ ሌላ መልክ አይወጣውም፤ በአሸዋ ወረቀት ቢፈገፈግ ይታደሳል። ሁለት ቁራጮች የሚገጣጠሙትም ከራሱ ዘር በሆነ፤ ቀለሙ በተስማማ የአክሪሊክ ማጣበቂያ ስለ ሆነ መጋጠሚያው ከተፈገፈገ በኋላ ለዓይን ይጠፋል፤ ለጥፍርም አይታወቅም። የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ እንኳ ከዚሁ ተሠርቶ ከሥር በኩል ሊጣበቅ ይችላል። ያን ጊዜ በወይዘሮዋ ቤት ውኃ የገባበት በር ይዘጋል ማለት ነው። በሐኪም ቤትና በላቦራቶሪ ይህ ሰሌዳ የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ተሐዋስያን የሚሸሸጉበት ስንጥቅ አያገኙም፤ በቀጠነ በረኪና ቢታጠብም አይጎዳም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ መልሱ ያን ያህል ደስ የሚያሰኝ አይደለም። አክሪሊክ ሰንሰለቱ በሙቀት የሚላላ ፕላስቲክ ነው። ንጹሑ ከ100 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ሲል መለስለስ ይጀምራል። ባለሙያዎች ሰሌዳውን ወደ 160 ዲግሪ አሙቀው እንደ ቆዳ ያጎብጡታል፤ ክብ የሆኑ የባንክና የሆቴል መደቦች የሚሠሩትም እንዲህ ነው። ለባለሙያው በረከት የሆነው ይህ ጠባይ ለቤት እመቤት አደጋ ነው። የሚዛን ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1400 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ውኃ እዚያ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ የፈላ ውኃ ቢደፋበት መደቡ አይቀልጥም። ከፍም ላይ አሁን የወረደ ጀበና ግን መቀመጫው ከዚያ እጅግ የጋለ ነው። ምጣድና መጥበሻም እንዲሁ። በቀጥታ ቢቀመጡበት ነጭ ምልክት ይተዋሉ፤ ይባስ ብሎም አንዱ ቦታ ብቻ ሲግል ሌላው ቀዝቃዛ ስለሚሆን ሰሌዳው ሊሰነጠቅ ይችላል። በእሳት ጊዜ ግን ዱቄቱ ራሱ ረዳት ነው፤ ወደ 200 ዲግሪ ሲደርስ በውስጡ የታሰረውን ውኃ ስለሚለቅ ነበልባሉን ያዳክማል። ይህ ቤትን የሚጠብቅ ነገር ነው እንጂ መደቡን ከጀበና የሚያድን አይደለም።

መፍትሔው ከአያቶቻችን ዘንድ ይገኛል። ከሣር የሚሰፋው የጀበና ማቶት ለዚሁ የተበጀ ይመስላል። ማቶቱ ጀበናውን ከማቆሙ በላይ ሙቀቱ ወደ ታች እንዳይወርድ ያግዳል። ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ለወይዘሮዋ የጻፍሁላቸው ቁርጥ ያለ ምክር ነው፤ ምጣዱ በአክሪሊክ መደብ ላይ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ለብቻው የብረት ወይም የድንጋይ ማቆሚያ ይበጅለት።

ሦስተኛው ጥያቄ የእርድ ነገር ነው። ይህን ጥያቄ የአዲስ አበባ ሰው ባልጠየቀም ነበር። ቴፒ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል ያለባት አገር ናት፤ በዙሪያዋ በየኪ ወረዳ እርድ በገፍ ይመረታል፤ እርጥቡን እርድ የላጠ ሰው እጁ ለቀናት ቢጫ ሆኖ እንደሚከርም ያውቃል። የአክሪሊክ ገጽ ቀዳዳ ስለሌለው ቀለሙ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ነገር ግን ቶሎ ካልታጠበ ላዩን ይይዘዋል፤ በነጭ ሰሌዳ ላይም ጎልቶ ይታያል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ቢጫውን እድፍ በልብስ ሳሙና ያሹ እንደ ሆነ ቀልቶ ይታያል። ይህም እርድ ሶዳነት ባለው ነገር ሲነካ መልኩን የሚለውጥ በመሆኑ ነው እንጂ መደቡ ተቃጥሎ አይደለም፤ ደንግጦ በቢላ መፋቅ አያስፈልግም። በለስላሳ ማሻሻያ ከዱቄት ሳሙና ጋር በክብ በክብ ቢታሽ ይለቃል፤ የቀረውም የፀሐይ ብርሃን እያየው በራሱ ይደበዝዛል። አሴቶንና የቀለም ማስለቀቂያ ኬሚካል ግን ፕላስቲኩን ራሱን ስለሚያሟሙ አይነኩት። ከነጭ ይልቅ ነጠብጣብ ያለበትን ቡናማ ወይም ግራጫ ቢመርጡ ከብዙ ድካም እንደሚድኑም ጨምሬ ጻፍሁላቸው። ጥቁር ደግሞ እድፍ ቢሸሽግም ጭረትን ሁሉ ስለሚያሳይ እኔ አልመክርም።

ወይዘሮዋ ያልጠየቁት፤ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ የማልችለው አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም የሠራተኛው ሳንባ ነው። በአሁኑ ዘመን ኳርትዝ የሚባል ሌላ ሰው ሠራሽ ድንጋይ ከአክሪሊኩ ጋር በገበያ ይፎካከራል። እርሱም ሙቀትንና ጭረትን ከአክሪሊክ ይበልጥ ይችላል። ነገር ግን ከመቶ 90 እጅ የሚደርሰው ሲሊካ የተባለ ማዕድን ነው፤ በደረቁ ሲቆረጥ የሚወጣው ደቂቅ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን በሽታ ያመጣል። በእስራኤል፤ በስፔይንና በአውስትራሊያ ብዙ ወጣት ድንጋይ ቆራጮች በዚህ ታመዋል፤ ሞተዋልም። አውስትራሊያ በዚሁ ምክንያት ይህን ሰው ሠራሽ ድንጋይ መሥራትና መግጠም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከልክላለች። የተፈጥሮ ግራናይትም ቢሆን መጠኑ ይነስ እንጂ ሲሊካ አለበት። አክሪሊክ ይህ ማዕድን በአሠራሩ ውስጥ የለበትም። እንዲህ ስል አቧራው መልካም ነው ማለቴ አይደለም፤ የሚቆርጠው ሰው አፍንጫውን በደንብ ይሸፍን፤ በር ይክፈት። ይሁን እንጂ ሁለቱ አደጋዎች አንድ አይደሉም፤ መደብ አሠሪውም ይህን ከዋጋው ጋር ቢመዝን መልካም ነው።

ስለ ዋጋው የተነሣ እንደ ሆነ፤ ከቺፑድ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው። ውድነቱ ደግሞ አታላይን ይጠራል። አክሪሊክ እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ ንጹሕ አክሪሊክ አይደለም፤ ፖሊስተር የተባለ ርካሽ ሙጫ የተቀላቀለበትም አለ። ለቀጥ ያለ መደብ ፖሊስተሩም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሲጎብጥ ይሰነጠቃል፤ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት አጠገብም ቶሎ ወደ ቢጫነት ያዘነብላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት በሰሌዳው ጀርባ የታተመውን የፋብሪካ ምልክት ማየት፤ የድብልቁንም ዓይነት በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ ይገባል። ጽሑፍ የመሥሪያ ቤት ልማድ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር።

አናጢው በሚገጥምበትም ጊዜ ሁለት ነገር ይጠበቅ። የመጀመሪያው፤ ሰሌዳው ሲሞቅ የሚረዝም ስለ ሆነ 3 ሜትር ርዝመት ያለው መደብ ከግድግዳው 3 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይተውለትና በሲሊኮን ይሞላ፤ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ጠብቆ የተሰነቀረ ሰሌዳ ቆይቶ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው፤ ለመገጣጠም ከአገር ውስጥ ሙጫ የተገኘውን ሁሉ አይጠቀም። የራሱ ማጣበቂያ ከሰሌዳው ጋር አብሮ ይገዛ፤ የሚጠጥርበት ጊዜ አጭር ስለ ሆነም ቁራጮቹ አስቀድመው በደረቁ ተለክተው መስማማታቸው ይረጋገጥ።

ወይዘሮዋ ደብዳቤዬ ከደረሳቸው በኋላ ያደረጉትን ባልደረባዬ በስልክ ነገረኝ። የዕቁቡን ብር በሙሉ አላወጡም። ውኃ ለሚፈስበት ለማጠቢያው ወገን ብቻ 1 ሜትር ከ80 ቡናማ አክሪሊክ ከነገንዳው አስመጡ፤ ምድጃው ያለበትን ወገን በድንጋይ አሠሩት፤ ለወጡ መክተፊያም የድሮ የዋንዛ ሳንቃቸውን አስላጩ። ለገንዳው ቀዳዳ ሲቆረጥ የወጣውን ቁራጭ አናጢው ሊወስደው ነበር፤ እርሳቸው ግን አልሰጡትም። እኔም በደብዳቤዬ እንዲያስቀምጡት ለምኜአቸው ነበር፤ ምክንያቱም ወደ ፊት መደቡ በእሳት ወይም በስለት የተጎዳ እንደ ሆነ፤ የተጎዳው ቦታ ተቆርጦ ወጥቶ ቀለሙ በትክክል የሚስማማው ምትክ የሚገኘው ከዚያው ከአንዱ ሰሌዳ ብቻ ነው። እስከዚያው ድረስ ኮረሪማ ይፈለፍሉበታል።